ሳጥኑም ይሰማል፦ የሸክላ ማጫወቻ መቀመጫና ክዳን አጭር ታሪክ

ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ነው። ሞተሩ አለ፣ ተሽከርካሪው ሰሃን አለ፣ መርፌዋን የሚይዘው ክንድ አለ። የሌሉት የእንጨት ሳጥኑና ክዳኑ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ቤት ስንቀይር ተሰበረና ተጣለ። ሳጥን ምን ያደርጋል? ዋናው ማሽኑ አይደል!»

እኔም ተስማማሁ። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ እኮ፤ ሳጥን መሥራት ምን ያቅተኛል? ከሰፈር አናጢ የተረፈ ቀጭን ቺፕውድ ለመንኩ፣ በኮላ ገጣጥሜ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን ሠራሁ፣ ማሽኑን ከላይ አስቀመጥኩት። ከአጎቴ ሸክላዎች አንዱን ጫንኩ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ሳለ ጥሩ ነበር። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ግን ከታች «ሁሁሁ» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። በሰከንዶች ውስጥ ቤቱን ሞላው። መርፌዋ ዘለለችና ሸክላው ላይ ተንሸራተተች።

አጎቴ ምንም አላሉኝም። ሸክላውን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ አዩትና መልሰው ልባሱ ውስጥ ከተቱት። መቆጣት ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው የሳጥኑን ታሪክ መከታተል የጀመርኩት። በእንግሊዝኛ ፕሊንዝ ይሉታል፤ እኔ እዚህ መቀመጫ ሳጥን እያልኩ እቀጥላለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርፌዋ ምን ያህል ትሰማለች?

ሸክላ ላይ ያለው ሙዚቃ በጠመዝማዛ ቦይ መልክ የተቀረጸ ነው። መርፌዋ በቦዩ ውስጥ ስትጓዝ ትወዛወዛለች፤ ካርትሪጅ የሚባለው ትንሽ ክፍል ውዝዋዜውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፤ ስፒከሩ ያሰማናል።

እስቲ ቁጥር እናስገባበት። በ1,000 ሄርትዝ ድግግሞሽ፣ ደህና ጮክ ያለ ድምፅ መርፌዋን ወደ 8 ማይክሮን ያህል ያወዛውዛታል። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከዚህ 100 ጊዜ ያነሰው፣ ለስለስ ያለው ድምፅ ደግሞ 0.08 ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። እንግዲህ አንዷን ፀጉር 900 ቦታ ብትሰነጥቋት የአንዷ ስንጣሪ ውፍረት ማለት ነው!

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ካርትሪጁ የሚለካው በመርፌዋና እሷን በያዘው ክንድ መካከል ያለውን የእንቅስቃሴ ልዩነት ነው። መርፌዋ ብትንቀሳቀስም ሆነ ክንዱ የተተከለበት ሰሌዳ ቢንቀሳቀስ ለካርትሪጁ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱንም «ሙዚቃ» ብሎ ይልካቸዋል። አንድ ሰው ወለሉን ረግጦ ሲያልፍ፣ ሞተሩ ሲርገበገብ፣ ስፒከሩ አየሩን ሲገፋ፣ ሳጥኑ ጥቂት ማይክሮን ከተንቀሳቀሰ መርፌዋ ትሰማዋለች።

ሌላም አለ። ወፍራም ድምፆች እንዳሉ ቢቀረጹ ቦዩ በጣም ስለሚንሻፈፍ ሸክላው ላይ ብዙ ቦታ ይፈጃሉ። ስለዚህ ሲቀረጹ ሆን ተብሎ ይቀነሳሉ፤ ሲጫወቱ ደግሞ አምፕሊፋየሩ መልሶ ያሳድጋቸዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኢንዱስትሪው በተስማማበት ልኬት መሠረት የ20 ሄርትዝ ድምፅ ከ1,000 ሄርትዙ ድምፅ 9 ጊዜ ያህል በላይ ይጎላል። አምፕሊፋየሩ ግን ሙዚቃውን ከወለል ንዝረት አይለይም። አብሮ ያጎላዋል።

አሁን የእኔን «ሁሁሁ» ማስረዳት ይቻላል። ማይክራፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ ሲያፏጭ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያው ነገር ነው። ስፒከሩ ሳጥኑን አናወጠ፣ ሳጥኑ ክንዱን አናወጠ፣ ካርትሪጁ ያንን ወደ አምፕሊፋየሩ ላከ፣ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ለስፒከሩ መለሰ። ዙሩ በዞረ ቁጥር ድምፁ ያድጋል።

ሳጥኑ የቤት ዕቃ በነበረበት ዘመን

መጀመሪያ ላይ ሳጥኑ ከድምፅ ጥራት ጋር ብዙም አልተያያዘም። ኤዲሰን ፎኖግራፉን በ1877 ሲሠራ፣ በርሊነር ጠፍጣፋውን ዲስክ በ1887 ሲያመጣ፣ ኤሌክትሪክ ማጉያ የሚባል ነገር የለም። ድምፁ ከመርፌ ወደ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ወደ ትልቅ መለከት ይሄዳል፤ አለቀ። የእንጨቱ ሳጥን የሚይዘው የሚጠመዘዘውን የሞላ ሞተር ነበር።

ለውጥ የመጣው በ1906 ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ካምደን ከተማ የነበረው ቪክተር ኩባንያ ቪክትሮላ የተባለውን ማጫወቻ አወጣ። ሳሎን ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚቆመው መለከት ታጥፎ ቁም ሳጥን በመሰለ የእንጨት ዕቃ ውስጥ ተደበቀ። ድምፁን ለመቀነስ የፊት በሮቹን መዝጋት ነው! ከላይ ደግሞ ክዳን ነበረው። የዚያን ጊዜው የብረት መርፌ ራሱ በአየር ላይ የሚሰማ የማንቋረር ድምፅ ስለሚያወጣ ክዳኑ እሱን ያፍናል። ልብ በሉ፣ የክዳኑ ትልቁ ሥራ ያኔ መርፌዋ ክፍሉን እንዳትረብሽ ማድረግ ነበር። በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ክፍሉ መርፌዋን እንዳይረብሽ መጠበቅ መጣ።

ያለ ሳጥን የተሸጠው ማሽን

በ1948 ኮሎምቢያ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር የሚሽከረከረውን ረጅም ሸክላ አወጣ። ቦዩ ጠበበ፣ መርፌዋም ቀጠነች፤ የጫፏ ክብነት ከ75 ማይክሮን አካባቢ ወደ 25 ወረደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስቴሪዮ መጣ። የቀድሞው ሸክላ መርፌዋን ወደ ጎን ብቻ ነበር የሚያወዛውዛት፤ ካርትሪጁም የላይና ታች እንቅስቃሴን ችላ ማለት ይችል ነበር። ስቴሪዮ ግን ሁለቱንም አቅጣጫ ያነባል። ሞተርና ወለል የሚፈጥሩት የላይና ታች ንዝረት ከዚያ ወዲህ የሚደበቅበት አጣ።

በዚሁ ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ስዊንደን ከተማ፣ ጋራርድ የሚባል ፋብሪካ ነበር። ኩባንያው በ1915 ሲቋቋም ሥራው ለጦር ሠራዊቱ የርቀት መለኪያ መሥራት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ግራሞፎን ሞተር ዞረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ጋራርድ 301 ቢቢሲ ስቱዲዮዎች ውስጥ የገባ፣ ዛሬም ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ማሽን ነው። ታዲያ ገዢው ካርቶኑን ሲከፍት የሚያገኘው ሞተር፣ የብረት ሰሌዳና ከባድ ሰሃን ብቻ ነው። ክንድ የለም፣ ሳጥን የለም፣ ክዳን የለም። ክንዱን ከሌላ አምራች ትገዛላችሁ፤ ሳጥኑን ራሳችሁ ትሠራላችሁ ወይም አናጢ ታሠራላችሁ።

ጋራርድ 301 ሰሃኑን የሚያዞረው በጎማ መንኮራኩር ነው። የሞተሩ ዘንግ መንኮራኩሯን ያዞራል፣ መንኮራኩሯ የሰሃኑን ጠርዝ ከውስጥ እየነካች ታዞራለች። ጉልበቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሞተሩና ሰሃኑ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው በጎማ ይነካካሉ። ባለ 4 ዋልታ ሞተር በ50 ሄርትዝ ኤሌክትሪክ ቢበዛ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 25 ማለት ነው። ሞተሩ ትንሽ ሚዛኑን ከሳተ ወደ 25 ሄርትዝ የሚጠጋ ጉርምርምታ ይፈጥራል። አምፕሊፋየሩ 9 ጊዜ የሚያጎላው አካባቢ!

ብዙ ሰዎች ማሽኑን ቀጭን ሳጥን ላይ ሰክተው «ጋራርድ ይጮኻል» አሉ። በኋላ ግን በጃፓንና በአውሮፓ አንዳንድ አፍቃሪዎች ያንኑ ማሽን ከብዙ የኮምፔርሳቶ ንጣፎች በተጣበቀ ከባድ ግንድ ላይ ተከሉት። ጉርምርምታው በጣም ቀነሰ። ምክንያቱ የአስረኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፦ ያው ኃይል ሁለት እጥፍ ክብደት ያለውን ነገር ሲገፋ እንቅስቃሴው በግማሽ ይቀንሳል። ሞተሩ አልተቀየረም፤ የሚያናውጠው ነገር ከበደበት እንጂ።

ተንሳፋፊው መልስ

አሜሪካ ውስጥ ኤድጋር ቪልቹር የሚባል ሰው ነገሩን ከሌላ ወገን አየው። ማሳቹሴትስ የነበረው ኩባንያው፣ አኩስቲክ ሪሰርች፣ በ1961 ያወጣው ማጫወቻ ከእንጨት ሳጥንና ከግልጽ ክዳን ጋር የተሟላ ነበር። ዋናው ብልሃት ግን ከሥር ነው። ሰሃኑና ክንዱ በአንድ የብረት አጽም ላይ አብረው ተቀምጠው በ3 ሞላዎች ይንሳፈፋሉ። ሞተሩ ከዚያ አጽም ውጪ ነው፤ ሰሃኑን የሚያዞረው በላስቲክ ቺንጋ ነው። ሰሃኑና ክንዱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ በመካከላቸው የእንቅስቃሴ ልዩነት አይፈጠርም፤ ካርትሪጁም የሚሰማው ያጣል። ሳጥኑን በመዶሻ እየመቱ ሸክላው ሳይዘል ሲጫወት ማሳየት የዚህ ማሽን መታወቂያ ሆኖ ነበር።

ሞላ እንዴት ንዝረት ያጣራል? ቤት ሞክሩት። ቁልፍ ወይም ድንጋይ በረዘም ያለ ላስቲክ አንጠልጥሉ። እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ከፍና ዝቅ ስታደርጉ ድንጋዩ ይከተላችኋል። እጃችሁን በፍጥነት ስታርገበግቡ ግን ድንጋዩ ባለበት ይቆያል ማለት ይቻላል። በመካከል አንድ ፍጥነት አለች፤ እሷ ላይ ስትደርሱ ድንጋዩ ከእጃችሁ በላይ ይዘላል። ያቺ የሥርዓቱ የራሱ ድግግሞሽ ናት። ሞላ የሚጠቅመው ከእሷ 1.4 እጥፍ በላይ ላለው ንዝረት ነው።

ድግግሞሿን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። ክብደቱ ሲያርፍበት ሞላው 1 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ ወደ 16 ሄርትዝ ይሆናል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ 5፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ 3 አካባቢ። ስለዚህ ከማሽን ሥር ጠንካራ የጎማ እግር አድርጎ «ንዝረት ተከላከልኩ» ማለት አያዋጣም። ጎማው በቂ ካልሰመጠ ወፍራሙን ንዝረት አያጣራም።

የቪልቹር ሐሳብ ተስፋፋ። ስዊዘርላንዳዊው ቶረንስ በ1965 ባወጣው ቲዲ 150፣ ግላስጎው የሚገኘው ሊን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ኤልፒ 12 በዚሁ መንገድ ሄዱ። ችግር የለውም ማለት ግን አይደለም። በሚያረገርግ የጣውላ ወለል ላይ ሰው ሲራመድ የሚፈጠረው ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ከሞላው ድግግሞሽ ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ያኔ ማሽኑ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል፣ ከባዱ ወይስ ተንሳፋፊው? ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ንዝረቱ የሚመጣው ከየት ነው?» የሚለው ነው። ከውጭ ከሆነ፣ ማለትም ከወለልና ከስፒከር፣ ሞላ ይመልሰዋል። ከውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ሞተሩና ክንዱ አንድ ሰሌዳ ላይ ከሆኑ፣ ሳጥኑን በሞላ ላይ ማስቀመጥ ሌባውን ቤት ውስጥ አስቀርቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው። እዚያ ላይ የሚሠራው ክብደትና ንዝረትን የሚውጥ ቁስ ነው።

እንጨት ለምን?

«እንጨት ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል» የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ። እንደ ምህንድስና ተማሪ ይቺን ወሬ በጥርጣሬ ነው የማያት። ጥሩ መቀመጫ ሳጥን የራሱ ድምፅ ሊኖረው አይገባም። የክራር ሳጥን የሚሠራው እንዲጮኽ ነው፤ የሸክላ ማጫወቻ ሳጥን የሚሠራው ዝም እንዲል ነው። ሁለቱም እንጨት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። የእኔ ባዶ የቺፕውድ ሳጥን ሳላውቀው ክራር ሆኖ ነበር።

የእንጨት እውነተኛ ጥቅሞች ቀለል ያሉ ናቸው። አንደኛ፣ ሲመታ ንዝረቱን በቶሎ ወደ ሙቀት ቀይሮ ይውጠዋል። የብረት ዘንግና የእንጨት ዘንግ መሬት ላይ ብትጥሉ ብረቱ «ቅልልል» ሲል እንጨቱ «ጧ» ብሎ ይቆማል። ሁለተኛ፣ በመጋዝና በኮላ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ሳሎን ውስጥ ያምራል፤ ይህንን መናቅ አይገባም። ጉድለቱ እርጥበት ነው፤ እንጨት ከቃጫው አቅጣጫ ጎን ለጎን ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ኮምፔርሳቶ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ንጣፎቹ ቃጫቸው እየተቆራረጠ ስለሚጣበቅ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

የተረት ልጅ የተኛችበት ክዳን

ክዳኑስ? በ1956 የጀርመኑ ብራውን ኩባንያ ኤስኬ 4 የተባለውን ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ላይ አወጣ። የነደፉት ሃንስ ጉጌሎትና ገና ወጣት የነበረው ዲተር ራምስ ናቸው። ጎኖቹ እንጨት፣ የቀረው አካል ነጭ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ክዳኑም መጀመሪያ የታሰበው ከብረት ነበር፤ ግን ድምፁ ከፍ ሲል ብረቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ራምስ በግልጽ አክሪሊክ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ከ1933 ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ቁስ በጦርነቱ ዘመን ለአውሮፕላን መስኮት ያገለገለ ነው። ሰዉ ማሽኑን ሲያይ ተረት ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተኛችውን ስኖው ዋይትን አስታወሰውና «የስኖው ዋይት ሬሳ ሳጥን» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ግልጽ ክዳን የሸክላ ማጫወቻ መለያ ሆነ ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፣ የተወለደው ከውበት ብቻ አይደለም፤ የንዝረት ችግር ነው የወለደው።

ክዳኑ ግን ንጹሕ አይደለም። የቦዩ ስፋት ከላይ 50 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ አንድ የአቧራ ቅንጣት ለመርፌዋ ድንጋይ ናት፤ ክዳኑ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው። በሌላ በኩል ሰፊና ስስ ሰሌዳ እንደ ከበሮ ቆዳ ከአየሩ ድምፅ ይቀበላል፤ በማጠፊያው በኩል ወደ ሳጥኑ ያስተላልፋል። ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል በኤሌክትሪክ ይሞላና አቧራውን ራሱ ይስባል። በትንሹ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። በአልኮልና በመስታወት ማጽጃ እንዳትነኩት፤ አክሪሊኩ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል።

ሁለተኛው ሳጥን

የአጎቴ ማሽን ሰሃኑን የሚያዞረው በጎማ መንኮራኩር ነው። ስለዚህ መልሱ ክብደት ነበር። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ 5 ንጣፍ ቆርጬ በኮላ አጣበቅኩ፤ 9 ሴንቲ ሜትር ድፍን ግንድ ሆነ። ማሽኑ የሚገባበትን ብቻ ፈለፈልኩ። ክዳኑን የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ልጆች ከአክሪሊክ ቆርጠው አጣበቁልኝ፤ ማጠፊያ አላደረግሁለትም፤ ሸክላው ሲጫወት ይነሳል፣ ሲያልቅ ይመለሳል።

ከመጫወቴ በፊት ፈተና አደረግሁ። እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። ሰሃኑ ሳይዞር መርፌዋን የማትሳሱለት ሸክላ ላይ አሳርፉ፤ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ሳጥኑን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ስፒከሩ ውስጥ የምትሰሙት ሳጥኑ ለመርፌዋ የሚነግራትን ነው። የመጀመሪያው ሳጥኔ «ዱምምም» ይል ነበር። ሁለተኛው አጭር «ጥ» ብቻ።

አጎቴ ሸክላዎቻቸውን አመጡ። አማሃ እሸቴ በ1969 አማሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ከወጡት ትናንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ጥቂቶቹ አሏቸው። የዚያ ዘመን ዕድሜ አጭር ነበር፤ 1970ዎቹ ሳያልቁ ካሴት ቦታውን ወሰደ። ከነዚያ ሸክላዎች ውስጥ ዳግም ያልታተሙ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ሸክላ አንዴ ከተጫረ የሚተካው የለም። ሳጥን ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው።

መጨረሻ ላይ ያንን ሸክላ አወጡት። እኔ የጫርኩትን። ድምፁን ያኔ ጉርምርምታው ከተነሳበት በላይ ከፍ አደረግሁት፤ ምንም አልተነሳም። ዘፈኑ ጠርቶ ወጣ። ጭረቷ ግን አለች። በደቂቃ 45 ዙር ማለት በየ1.33 ሰከንዱ አንድ ዙር ነው፤ በየ1.33 ሰከንዱ «ጭ» ትላለች።

አጎቴ ለጥቂት ዙር አብረው በጣታቸው ቆጠሩና «ይቺ እንኳ ያንተ ናት» አሉኝ። ከዚያ ክዳኑን አንስተው ሌላ ሸክላ መረጡ።